ሙግት፦ ማስታወቂያ ያኖረው ድረ ገጽ፣ ማስታወቂያ ያባረረው አንባቢ

በአማርኛ የሚጻፍ ድረ ገጽ ምን በልቶ ይደር? በአንድ በኩል ለዓመታት ጋዜጣ ሲያዘጋጁ ኖረው ዛሬ የራሳቸውን ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ አንጋፋ አዘጋጅ፣ በሌላ በኩል ሥራዋ የድረ ገጽ ዲዛይን የሆነ ባለሙያ ይሟገታሉ።

አዘጋጁ፦ መጀመሪያ ገጹ በሕይወት ይኑር

እህቴ፣ ስለ ውበት ከማውራታችን በፊት ሂሳብ እንሥራ። እኔ በሠራሁባቸው ጋዜጦች አንባቢው የሚከፍለው ዋጋ የማተሚያ ቤቱን ሂሳብ እንኳ ሸፍኖ አያውቅም። ጉድለቱን የሚሞሉት የጨረታ ጥሪ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የሐዘን መግለጫና «እንኳን አደረሳችሁ» ነበሩ። ድረ ገጽ ሲመጣ አንባቢው የሚከፍላት ያቺ ትንሽ ገንዘብም ቀረች። ዛሬ ሰው ለካርድ ይከፍላል፣ ለስልክ ይከፍላል፤ ለጽሑፉ ግን ክፈል ቢሉት ይስቃል።

እ.ኤ.አ. በ1994 መገባደጃ ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት የስልክ ኩባንያውን የኤቲ ኤንድ ቲን የማስታወቂያ ባነር ገጹ ላይ ሲያወጣ፣ ይህ ሁሉ በነጻ የሚነበብ ዓለም ገቢው ከየት እንደሚመጣ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጎግል አድሴንስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎት ሲጀምር ደግሞ ማስታወቂያ ሰብሳቢ ሠራተኛ የሌለው፣ ቢሮ የሌለው፣ አንድ ላፕቶፕ ያለው ጸሐፊ የገበያው ተካፋይ ሆነ። ከማስታወቂያው ገቢ 68 በመቶ ገደማ የሚደርሰው ለገጹ ባለቤት ነው። የትኛው አከፋፋይ ነው ለጋዜጣ ባለቤት እንዲህ ያለ ድርሻ በየወሩ ያለ ጭቅጭቅ ያስረከበው?

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። የዶሜይንና የሆስቲንግ ክፍያ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወጪዬ በአንድ ውሳኔ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ወጪው በዶላር ለሆነበት ሰው ገቢውም በዶላር የሚመጣበት ቀዳዳ ሲገኝ «ውበት ያበላሻል» ብሎ ይዝጋው?

ቀዳዳዋም ሰፊ አይደለችም። አማርኛ ለረጅም ዓመታት አድሴንስ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በአማርኛ መጻፍ ራሱ ገቢን የሚያስቀር ውሳኔ ነበር። ሂሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ ደግሞ አይከፈልም። የማስታወቂያው ዋጋ አንባቢው ባለበት አገር ይለያያል፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው የሚያስገኘውን፣ ባሕር ዳር ያለው አንባቢ አያስገኝም። አብዛኛው አንባቢህ አገር ቤት ከሆነ የዋጋውን ማነስ በብዛት ከማካካስ ሌላ ምርጫ የለህም። አንድ ጽሑፍ ውስጥ አራት ማስታወቂያ የሚያስገባው ሰው ስግብግብ ተብሎ ይሰደባል፤ ብዙ ጊዜ ግን የዚህ ወር ሆስቲንግ የጨነቀው ሰው ነው።

ነጭ ቦታ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ፣ አንድም ባነር የሌለበት የአማርኛ ገጽ አይቻለሁ። ያምራል። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ለጋሽ ድርጅት አለ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገጹም ይዘጋል። የማይከፈትን ገጽ የሚያህል የማይነበብ ነገር ደግሞ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እናንተ ዲዛይነሮች ማስታወቂያን የንባብ ጠላት አድርጋችሁ ነው የምታዩት። እኛ አገር ግን ጋዜጣ ለማስታወቂያው ተብሎ ይገዛል። ሥራ ፈላጊው የመጀመሪያውን ገጽ ዘሎ ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ይሄዳል፤ ተቋራጩ ወደ ጨረታው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚታተመውን የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ አስቢው፦ ከዳር እስከ ዳር ማስታወቂያ ነው፤ ሰው ግን ቤቱ ወስዶ ያስቀምጠዋል። ማስታወቂያ ራሱ ንባብ ነው።

ዲዛይነሯ፦ አንባቢው ከፍሏል

ጋሼ፣ ሂሳብዎን እቀበላለሁ፤ አንድ መስመር ግን ዘለዋል። አንባቢው በነጻ ያነባል ብለዋል። በነጻ አያነብም። በጥቅል በገዛው ዳታ ነው የሚያነበው፣ ማስታወቂያውንም የሚጭነው በራሱ ገንዘብ ነው።

ልቁጠርልዎ። በኮምፒውተር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 10,000 ፊደል ያለው ረጅም መጣጥፍ እንግዲህ 30 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ከአንድ ተራ ፎቶ ያንሳል። አሁን ከጽሑፉ ጋር የሚጓዘውን ጓዝ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ የአሜሪካው ዩኤስኤ ቱደይ ለአውሮፓ አንባቢዎቹ ማስታወቂያውንና መከታተያውን ነቅሎ ያወጣ የተለየ ገጽ አዘጋጀ። 5.2 ሜጋባይት የነበረው ገጽ ወደ 500 ኪሎባይት ወረደ። ከ45 ሰከንድ በላይ ይፈጅ የነበረው በ3 ሰከንድ ተከፈተ። ዜናው ያው ዜና ነው። ከጭነቱ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ለአንባቢው የመጣ አልነበረም ማለት ነው፤ ሂሳቡን ግን እሱ ነው የሚከፍለው። ደብረ ብርሃን ቆሞ አዲስ ጥቅል የሚገዛ አንባቢ ይህን ቁጥር አያውቀው ይሆናል፤ የእርስዎ ገጽ ሲከፈት ዳታው ቶሎ እንደሚያልቅ ግን ያውቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊደላችን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ማንም የማያነሳው ነገር ስለሆነ። የላቲን ፊደል ሲያንስም ቅርጹን አይለቅም። የእኛ ግን ቢን ከቤ የሚለየው እግሩ ሥር ያለች ሰረዝና ቀለበት ናት። ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ ትጠፋለች፤ ሲደምቅ ደግሞ ትደፈናለች። ለእንግሊዝኛ 16 ፒክስል የሚበቃ ከሆነ ለአማርኛ 18 ወይም 20 ይሁን የምለው ለዚህ ነው። የመስመሩም ክፍተት እንደዚያው ሰፋ ይበል፤ ፊደሎቻችን ከፍታቸው ተመሳሳይ ስለሆነ መስመር ከመስመር ሲጠጋጋ ዓይን መንገዱን ይስታል። ቃሎቻችንም ረጃጅም ናቸው። «ስላልተመለሰላቸውም» ብለው ሲጽፉ 11 ፊደል ነው። በቀኝ አንድ ባነር፣ በግራ አንድ ባነር ተለጥፎ መካከሉ ሲጠብ፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ቃላት መስመሩን ይጨርሱታል። ቀጣዩ ቃል ወደ ታች ይወርዳል፣ ዳሩ እንደ ተበላ ቅጠል ይሸራረፋል። በዚህ ላይ ዲዛይነሩ (አዎ፣ የእኛም ሰዎች ጥፋት አለበት) ጽሑፉን ፈዛዛ ግራጫ ያደርገዋል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል፤ በፀሐይ ቆሞ በአሮጌ ስልክ ለሚያነብ ሰው ይኸም ትንሹ ነው።

ሦስተኛው፣ የሚዘለው ገጽ ነው። አንባቢው አራተኛው መስመር ላይ ደርሷል፤ ዘግይቶ የመጣው ማስታወቂያ ከላይ ዘው ሲል ጽሑፉ ወደ ታች ይሸሻል። ጣቱ «ቀጥል» የሚለውን ሊነካ ሲል ባነሩን ነካ። እርስዎ ክሊክ ተገኘ ብለው ይደሰቱ ይሆናል። ጎግል ግን በስህተት የተነካን ክሊክ እየለየ ይሰርዛል፤ ሲበዛም ሂሳቡን ይዘጋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለማስታወቂያው የሚሆነውን ቦታ አስቀድሞ በልኩ ከልሎ ማስቀመጥ። ቢመጣም ባይመጣም ጽሑፉ አይነቃነቅም።

ስለ ፖፕ አፕ አንድ ታሪክ ልንገርዎት። የመጀመሪያውን ኮድ የጻፈው ኢታን ዙከርማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትራይፖድ በተባለ ኩባንያ ይሠራ ነበር። አንድ የመኪና አምራች ማስታወቂያው ነውር ካለበት ገጽ አጠገብ በመታየቱ ተቆጣ፤ እነ ዙከርማንም ማስታወቂያውን ከገጹ ለይተው በራሱ መስኮት እንዲከፈት አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 አትላንቲክ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል። ልብ ይበሉ፣ ያ መስኮት ሲፈጠር የታሰበለት አስተዋዋቂው ነው፤ የአንባቢው ነገር ውይይቱ ውስጥ አልነበረም።

ገበያውም ፊቱን አዙሯል። የተሻለ ማስታወቂያ ጥምረት የተባለው የኢንዱስትሪው ስብስብ በስልክ ላይ ከገጹ ይዘት ከ30 በመቶ በላይ ቁመት የሚይዝ ማስታወቂያን፣ ድምፁን ከፍቶ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮንና ፖፕ አፕን ከጥቁር መዝገብ አስገብቷል፤ ክሮምም ከየካቲት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን በሚጥሱ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ያግዳል። አድሴንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ከክሊክ ክፍያ ወደ ዕይታ ክፍያ ተሻግሯል። በዕይታ የሚከፈል ከሆነ ጥቅምዎ ያለው አንባቢው እስከ መጨረሻው አንቀጽ ሲቆይ ነው። አራት ማስታወቂያ ከላይ ከምረው በአሥረኛው ሰከንድ ከሚያባርሩት፣ ሁለቱን አራርቀው አስቀምጠው ሁለቱንም አይቶ ቢሄድ ይሻላል።

የሎው ፔጅስን ማንሳትዎ ደግሞ ለእኔ ይመሰክራል። እዚያ ላይ ያለው ማስታወቂያ ቆሞ ይጠብቃል፣ አያብረቀርቅም፣ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ የእኔን ጉዳይ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ያምጡልኝ፤ ለእሱ ቦታ ከልዬ የማልሰጥ ከሆነ ያን ጊዜ ይውቀሱኝ።

አዘጋጁ፦ ነጋዴው ስልክ ሲደውል

ፊደሉ ይተልቅ፣ መስመሩ ይስፋ፣ አልከራከርሽም። ግን ይህን ከማስታወቂያ ጋር አታያይዢው። አንድም ባነር የሌለው፣ ግን በ12 ፒክስል ግራጫ ፊደል የተጻፈ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ ሞልቷል። የጥሩ ፊደል ዋጋ ዜሮ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ዋጋ ስላለው ነገር ነው።

«የአገር ቤት ነጋዴ ማስታወቂያ አምጣ» ማለትሽ ነው። ሞክሪው። ማስታወቂያ ሰብሳቢ መቅጠር አለብሽ፣ ኮሚሽን አለው፣ ደረሰኝና ታክስ አለው፣ ለወራት የማይከፈል ዱቤ አለው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስልኩ ነው። ባለ አዳራሹ ወይም ባለ ሪል ስቴቱ ይደውልና «ያ ጽሑፍ ይውረድልኝ» ይላል። በጋዜጣ ዘመኔ ይህን ጥሪ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀብያለሁ፤ ጽሑፉን ካላወረድክ በሚቀጥለው ሳምንት ያ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። አድሴንስ መልክ የለውም፣ ነገር ግን አይደውልም። ማን እንዳስተዋወቀ እኔ አላውቅም፣ እሱም እኔ ስለ ማን እንደጻፍኩ አያውቅም። አንቺ አስቀያሚ የምትዪው ሳጥን ለእኔ የአርታኢነት ነጻነቴ ነው። ለዚያ ነጻነት አንባቢዬ ጥቂት ሜጋባይት ቢከፍል እጅግ ውድ ነው አልልም።

እና ደግሞ፣ ስለ አንባቢሽ በሐቅ እናውራ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ከ100 ተጠቃሚዎች 79ኙ አዲስ ገጽ ሲከፍቱ ቃል በቃል አያነቡም፣ ይቃኛሉ። የሚቃኘው ሰው ለምን ያህል ቃል ይከፍላል? በቴሌብር ጥቂት ብር ላኩልን ብለሽ ከገጹ ግርጌ ብትጽፊ ስንቱ የሚልክ ይመስልሻል?

ዲዛይነሯ፦ ስንት ይበቃል?

የስልኩ ነገር መልስ ያጣሁለት ነው፤ እውነትዎን ነው። ነጋዴ እጄን ከሚጠመዝዝ የጎግልን ሳጥን ብመርጥ እኔም አላፍርም። ግን የማይደውለውም ሳጥን የራሱ ወሬ አለው። ስለ ስኳር በሽታ ያወጡት ጽሑፍ መሃል «በሦስት ቀን የሚፈውስ» መድኃኒት ይለጥፋል፤ ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት በጻፉት ሥር የውርርድ ማስታወቂያ ያስቀምጣል። ይህን የሚያግዱበት ማስተካከያ አድሴንስ ውስጥ አለ፤ ያልፈለጉትን ዘርፍ መርጠው ይዘጋሉ። ስንቱ አዘጋጅ ከፍቶት ያውቃል? ነጻነቱ የአርታኢ ከሆነ፣ ከጽሑፉ አጠገብ የሚቆመውን መምረጥም የአርታኢ ሥራ ነው።

ኒልሰንን ካነሱ፣ ሰዎች የሚቃኙት ገጹ ስለሚያደክማቸውም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቀረበ የቤንዌይና የሌን ጥናት ሰዎች የባነር መልክ ያለውን ነገር፣ የሚፈልጉት መረጃ ያለበት ሳጥን ቢሆን እንኳ፣ ሳያዩ እንደሚያልፉት አሳይቷል። ዓይናቸው መዝለልን ተምሯል። ሳጥን በጨመሩ ቁጥር ያንኑ ትምህርት ያጠናክራሉ፤ አምስተኛው ማስታወቂያ የመጀመሪያውንም ከዓይን ይሰውራል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ በስልክ ገጽ ላይ አንድ ማስታወቂያ ከሦስተኛው አንቀጽ በኋላ፣ አንድ ከጽሑፉ መጨረሻ፣ ከርዕሱ በላይ ምንም። የሚከተል ባነር የለም፣ የሚዘጋ ባነር የለም። ቦታው በልኩ የተከለለ፣ «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ ከአናቱ የተጻፈበት። በዚህ ልክ የማይኖር ገጽ ካለ፣ አምስተኛው ባነር ያኖረዋል ብዬ አላምንም።

ገጽ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ቀጣዩን ባነር ከመለጠፋችሁ በፊት የቢሮውን ዋይፋይ አጥፉ፤ ቤተሰብ ውስጥ ካለው ስልክ ሁሉ ርካሹን ተዋሱና በሞባይል ዳታ የራሳችሁን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከዚያ በኋላ ወስኑ።