በ64 ነጥብ ሀ ብለን እንጀምር

ስምንት በስምንት የሆነችውን ትንሿን የኤልኢዲ ማትሪክስ ብዙዎቻችን እናውቃታለን። በየሱቁ በር ላይ ጽሑፍ እያሳለፈ የሚያበራው ሰሌዳ የእርሷ ታላቅ ወንድም ነው። በትርፍ ጊዜያችን ኤሌክትሮኒክስ የምንነካካ ሰልጣኞችም ጽሑፍ ስናስሮጥባት እንውላለን። ታዲያ የምናደርገው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ተገጣጥማ የመጣችውን ገዝተን፣ የሌላ ሰው ፕሮግራም ገልብጠን፣ «ሠራን!» ማለት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ግልበጣው ለመዝናናት ይበቃ ይሆናል፤ ለመምህር ግን አይበቃም እንላለን።

ለምን ቢባል፣ ቁም ነገሩ ያለው ከመብራቱ ሳይሆን ከአሠራሩ ላይ ነው። ማትሪክሷ 64 መብራቶች ሲኖሯት እግሮቿ 16 ብቻ ናቸው፤ 8 ለረድፍ፣ 8 ለአምድ። ሁሉንም በነዚህ ማዘዝ የሚቻለው በአንድ ጊዜ አንድ ረድፍ ብቻ እያበሩ ቶሎ ቶሎ ወደሚቀጥለው በማለፍ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ለ1 ሚሊ ሰከንድ ቢበራ ዙሩ በ8 ሚሊ ሰከንድ ያልቃል፤ በሰከንድ 125 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው። ዓይናችን ይህን መከታተል ስለማይችል ሁሉም ባንድነት የበሩ ይመስለዋል። ፍጥነቱን ሆን ብለን ብናዘገየው ግን ተማሪው ረድፎቹ ተራ በተራ ሲበሩ ያያል። ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከየት ይመጣል?

ማክስ 7219 የምትባለው ቺፕ ይህን ሁሉ በ3 የምልክት ሽቦ ብቻ ተቀብላ ትሠራልናለች። እሰየው ነው! ነገር ግን ምን እንደምትሠራልን ሳናውቅ ከተጠቀምንባት፣ ተማሪው «እንዴት?» ብሎ ሲጠይቀን «እንዲሁ ነው» ልንለው ነው።

ሁለተኛው ነጥባችን ፊደልን ይመለከታል። ከፕሮግራሞቹ ጋር በብዛት የሚመጣው የፊደል ሰንጠረዥ ለላቲን የተሰናዳ ነው። የራሳችንን ፊደል ራሳችን ብንነድፍስ? ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አምዶቹን ከግራ ጀምረን 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብለን እንሰይማቸውና የሚበሩትን እንደምር። «በ»ን በ6 አምድ ስፋት ብንነድፋት የላይኛው ረድፍ 252፣ የቀሩት ሰባቱ እያንዳንዳቸው 132 ይሆናሉ። የመጨረሻውን ረድፍ 135 ስናደርገው «ቢ» ሆነች! የታችኞቹን ሦስት ረድፎች 135፣ 133፣ 135 ስናደርጋቸው ደግሞ ቀለበቷ ወጥታ «ቤ» ትሆናለች። ሕፃን ልጅ ፊደል እየቆጠረ ሒሳብ ተማረ ማለት አይደለም እንዴ?

ስሌቱ ሰፋ ሲል ለትልልቆቹም ይሆናል። 33 ፊደላት በ7 ዓይነት 231 ቅርጽ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 8 ባይት ሲያዝ 1848 ባይት ይመጣል። በአትሜጋ 328 የሚሠራው አርዱይኖ ኡኖ ያለው የሥራ ማህደረ ትውስታ 2048 ባይት ነው። ሰንጠረዡን እዚያ ካስቀመጥነው የሚተርፈን 200 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ 32 ኪሎ ባይት ባለው የፕሮግራም ማህደር ውስጥ ማኖር ይገባል። ይህን የገለበጠ ሰው አያውቀውም፤ የነደፈ ግን ይደርስበታል።

በእርግጥ «ስልክ በየሰው እጅ ባለበት ዘመን ይህ መጫወቻ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። የስልክ ስክሪንም እኮ ነጥቦቹ የሚታዘዙት በረድፍና በአምድ ነው! ልዩነቱ የስልኩ ነጥቦች ከመድቀቃቸው የተነሣ ለዓይን አለመለየታቸው ነው። ስልክ ያሳያል እንጂ አያስረዳም።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን። እያንዳንዱ የጥናት ቡድን አንድ አንድ ፊደል ከነቤተሰቡ ይዞ በወረቀት ይንደፍ፤ አንዲት ማትሪክስ ለሁላችንም ትዳረሳለች። መምህሮቻችንም ሥራችንን አይተው ቢያርሙን ደስ ይለናል። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። ስምንት በስምንት ካሬ ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይም በጠመኔ ይሰመራል፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣን ገዝተን የያዝነው ሳይሆን አውቀን የሄድነው ነው።