ወዳጅነት ከማን ጋር? የምክር ቤት ቡድኖች፣ ዳያስፖራውና የሁርሊንግሃም ኢትዮጵያውያን

ናይሮቢ ውስጥ ሁርሊንግሃምን አቋርጦ የሚያልፈው ጎዳና በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ተሰይሟል። ጠበቃና ፖለቲከኛ የነበሩት ኮዴክ ሕይወታቸው ያለፈው እአአ በ1969 የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ፣ በዚሁ ጎዳና ላይ ነበር። ዛሬ በጎዳናውና በዙሪያው እንጀራ የሚቀርብባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ።

በመንግሥታት ደረጃ የአዲስ አበባና የናይሮቢ ግንኙነት ከአፍሪካ ቀንድ ጠንካሮቹ አንዱ ነው። የመከላከያ ስምምነቱ ኬንያ ነፃ ከወጣችበት ከ1963 ይጀምራል። የሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር በ2022 ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። ሳፋሪኮምም በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ አገልግሎት ከፍቷል።

በሁለቱ አገራት መካከል የሚኖረው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ ወደ ኬንያ መግባት የሚችሉ ቢሆንም፣ የመግቢያ ፈቃድ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ አይደለም። ለነጋዴው የፈቃድ ዕድሳት፣ ለጥገኝነት ጠያቂው የመታወቂያ ጥበቃ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ ለተያዘው ወጣት ደግሞ አስተርጓሚና ጠበቃ ማግኘት የዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። ይህን ጉዳይ በሕግ አውጪው ፊት የሚያነሳው ማን ነው?

የዋሽንግተን ትምህርት

በአሜሪካ ምክር ቤት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተለመደ መልስ አለ፤ ኮከስ። ኮከስ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ እንደራሴዎች ለአንድ አገርና ከዚያ ለመጡ ዜጎች ጉዳይ የሚሰባሰቡበት ቡድን ነው። የራሱ በጀትም ሆነ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለውም። የህንድ ኮከስ በ1993፣ የአርመን በ1995፣ የቱርክ ደግሞ በ2001 ተመሥርተዋል። የካሊፎርኒያው ዴሞክራት ማይክ ሆንዳም የኢትዮጵያና የኢትዮጵያ አሜሪካውያን ኮከስን መርተዋል።

የእነዚህ ቡድኖች ጉልበት የሚመነጨው ከመራጩ ነው። በኮሎራዶ የአውሮራ ከተማ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የአካባቢው ተወካይ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት አጥብቀው ከተናገሩት እንደራሴዎች አንዱ መሆናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሪፐብሊካኑ ክሪስ ስሚዝ የቀረበውና የሁለቱንም ፓርቲዎች ድጋፍ ያገኘው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 በሚያዝያ 2018 ጸድቋል። አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም፣ የተደራጀ መራጭ ሁለት ፓርቲዎችን በአንድ ሰነድ ላይ ማስማማት እንደሚችል አሳይቷል።

የዚህ መንገድ ድክመትም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ከፊሉ ዳያስፖራ ማዕቀብ እንዲጣል ሲጠይቅ፣ ከፊሉ እንዳይጣል ተሰልፏል። በ2022 መጀመሪያ በዴሞክራቱ ቶም ማሊኖውስኪ የቀረበው የሕግ ረቂቅ ቁጥር 6600 ሪፐብሊካን ደጋፊዎችም ነበሩት፤ ሆኖም ለምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ ሳይቀርብ የሥራ ዘመኑ አበቃ። የቱርክ ኮከስም ከዚህ ያልተናነሰ ፈተና ገጥሞታል። በጥቅምት 2019 ምክር ቤቱ የአርመናውያንን የዘር ማጥፋት ሰለባነት በ405 ድጋፍና በ11 ተቃውሞ እውቅና ሲሰጥ፣ የወዳጅነት ቡድን መኖሩ ውሳኔውን አላስቀረም። ቡድኑ በር ሊያስከፍት ይችላል፤ ውጤቱን ግን በራሱ አይወስንም።

ናይሮቢ ላይ የሚጎድለው

በናይሮቢና በአዲስ አበባ የተለመደው አደረጃጀት የፓርላማ የወዳጅነት ቡድን ነው። የኬንያ ፓርላማም ሆነ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከተለያዩ አገራት አቻዎቻቸው ጋር እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ያቋቁማሉ። ዓላማቸው በዋናነት የምክር ቤቶች ግንኙነት፣ የልዑካን ጉብኝትና የልምድ ልውውጥ ነው። ከአሜሪካው ኮከስ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው፤ የተመሠረቱት በመራጭ ግፊት አይደለም። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በሰኔ 2021 በተካሄደው ምርጫ ገዢው ፓርቲ ከ436 መቀመጫዎች 410ን በማሸነፉ፣ የሁለት ፓርቲ ሚዛን የሚባለው ነገር እምብዛም ትርጉም የለውም።

ኬንያ ራሷ የዳያስፖራን ክብደት ታውቃለች። ብሔራዊ ምክር ቤቷ በውጭ የሚኖሩ ኬንያውያንን ጉዳይ የሚከታተል ኮሚቴ አለው። በናይሮቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን የዳጎሬቲ ሰሜንን እንደራሴ በድምፁ ሊሾምም ሊሽርም አይችልም። ዜግነት ለማግኘት ከሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች ጋር ቢያንስ ሰባት ዓመት በሕጋዊ መንገድ በተከታታይ መኖር ይጠበቅበታል። የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ የኬንያ መራጭ መሆን ኢትዮጵያዊነትን በወረቀት ማጣት ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ዋጋ መክፈል አይሹም።

ያም ሆኖ በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት የመምረጥን መብት ለዜጎች ቢወስንም፣ በአንቀጽ 119 ለፓርላማ አቤቱታ የማቅረብን መብት የሰጠው “ለማንኛውም ሰው” ነው። ሕግ እንዲወጣ፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲሻር መጠየቅም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ አፈጻጸም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዕድሳት መጓተት ወይም በፍርድ ቤት የአስተርጓሚ አለመኖር ለዚህ የሚበቁ ጉዳዮች ናቸው።

አቤቱታ የድምፅን ያህል አያስፈራም። ሆኖም ከወዳጅነት ቡድን ጋር ሲቀናጅ የቡድኑን አጀንዳ ከጉብኝት መርሐ ግብር ወደ ሰው ኑሮ ሊያወርደው ይችላል። ለዚህ ከአውሮራ የሚወሰደው ትምህርት በጋራ ጥያቄ መደራጀት ነው፤ ከ2022ቱ ክፍፍል የሚወሰደው ደግሞ ጥያቄውን የአገር ቤቱ ፖለቲካ ከሚያለያይበት ነጥብ አርቆ ሁሉንም በሚነካው ጉዳይ ላይ ማቆም ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የጠፋበት ሰው የየትኛው ክልል ተወላጅ እንደሆነ የኬንያ ፖሊስ አይጠይቅም።

ሁለቱ መንግሥታት ኬላና የኤሌክትሪክ መስመር ገንብተዋል። የሁርሊንግሃሙ ነጋዴና የኢስሊው ስደተኛ የዚህ ወዳጅነት ተጠቃሚ የሚሆኑት ግን አቤቱታቸውን የሚሰማ እንደራሴ ሲያገኙ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ከሁለቱም ዋና ከተሞች ሳይሆን ከራሱ ከማኅበረሰቡ መምጣት ይኖርበታል።