የገበያው ቋንቋ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ለምን ይቀራል?

ቋንቋ የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ ሠርቶ አደሩን የሚያሳስበው እንጀራው እንጂ ሰዋስው አይደለም የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አመለካከት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ሠራተኛው የሚፈርመው የሥራ ውል፣ ገበሬው የሚቀበለው ደረሰኝ፣ ተከሳሹ የሚነበብለት ክስ ሁሉ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ያ ቋንቋ ባዕድ የሆነበት ሰው መብቱ በሌላ ሰው አፍ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ለዚህ አባባላችን ከአፍሪካ ምድር አንድ ምሳሌ እናቀርባለን፤ ይኸውም በጋና የሚነገረው የትዊ ቋንቋ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትዊ የአካን ቋንቋ ክፍል ነው። ዋና ዋና ዘዬዎቹ አሳንቴና አኩዋፔም ሲሆኑ፣ በባሕሩ ዳርቻ የሚነገረው ፋንቴም የቅርብ ዘመዳቸው ነው። በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከጋና ሕዝብ 46 በመቶ ያህሉ አካን ነው። ይህ ብቻም አይደለም። አካን ያልሆነው ነጋዴ፣ ሾፌርና የቀን ሠራተኛም በብዙ ከተሞች ገበያ የሚገበያየውና የሚግባባው በትዊ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከተስፋፉት የግል ራዲዮ ጣቢያዎችም ብዙዎቹ ዜናውንና ክርክሩን በዚሁ ቋንቋ ያሰራጫሉ።

የኩዋሜ ንክሩማ ስም ለአንባብያን እንግዳ አይደለም። በ1963 በአዲስ አበባ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ከተሰበሰቡት መሪዎች አንዱ ነበሩ። እርሳቸው የንዜማ ተወላጅ ቢሆኑም «ኩዋሜ» የሚለው ስም በአካን ባህል ቅዳሜ ለተወለደ ወንድ የሚሰጥ ነው። ሰኞ የተወለደው ደግሞ «ኮጆ» ይባላል። በጃማይካ ተራሮች ከባርነት ያመለጡትን መርቶ በ1739 እንግሊዞችን የሰላም ውል ያስፈረመው ኩድጆም የተጠራው በዚሁ ስም ነው። የባሪያ ፈንጋይ መርከብ ሰውን ከአገሩ ነጠቀ፤ ስሙን ግን ከአፉ ሊነጥቅ አልቻለም።

ታዲያ ይህ ቋንቋ ለጽሕፈትና ለዕውቀት አይበቃም ማለት ይቻላልን? ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ከስዊዘርላንድ ከባዝል የመጡ ሚሲዮናውያን በ1835 በአኩዋፔም ምድር በአክሮፖንግ መስፈር ጀመሩ። ከእነርሱ ወገን የሆነው ጀርመናዊው ክሪስታለር በ1871 መጽሐፍ ቅዱስን፣ በ1875 ሰዋስውን፣ በ1881 መዝገበ ቃላቱን ለኅትመት አበቃ። በ1879ም 3,600 ያህል ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰብስቦ አወጣ። ክብሩ ለብዙ ጊዜ ለእርሱ ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን እንደ ዴቪድ አሳንቴ ያሉ የአገሩ ልጆች በትርጉሙ አብረውት ደክመዋል። ያ ሁሉ ምሳሌስ ከሕዝቡ አፍ በቀር ከየት ተለቀመ? በ1937 ደግሞ ክሌመንት አንደርሰን አክሮፊ የትዊን ሰዋስው በራሱ በትዊ ጽፎ አሳተመ። የራሱን ሕግ በራሱ ቃል ማስረዳት የቻለ ቋንቋ የሥራ ውልንና የፍርድ ቤት ውሳኔን ማስረዳት አይችልም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ የቋንቋው ሳይሆን የሥርዓቱ መሆኑ ሊጤን ይገባዋል። በአክሮፖንግ መምህር የነበረው የሙዚቃ ሊቅ ኤፍሬም አሙ የአገሩን ልብስ ለብሶ በመስበኩና የአፍሪካን የሙዚቃ መሣሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለማስገባት በመሻቱ በ1933 ከሥራው ተሰናብቷል። አሙ የኢዌ ተወላጅ ሲሆን ለኢዌም ለትዊም ዜማ የደረሰ ሰው ነበር። በ1957 ጋና ነፃ ወጣች፤ የቅኝ ገዥው ባንዲራ ወረደ፤ ቋንቋው ግን በመንግሥት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። በ1992 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥት የአገሪቱን ቋንቋዎች እንዲያሳድግ ቢያዝም የምክር ቤቱና የፍርድ ቤቱ ሥራ በዋነኛነት የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርት ቤቱም ቢሆን አንድ ጊዜ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ሲወዛወዝ ኖሯል። በ2002 ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተወስኖ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖሊሲው ተመልሶ ተለወጠ። የውዝዋዜውን ዋጋ የከፈለው ግን በቤቱ እንግሊዝኛ የማይነገርበት የድሃ ልጅ ነው።

በአስተርጓሚ ይታለፋል የሚሉም አሉ። በትዊ «ፓፓ» የሚለው ቃል እንደ ድምፁ ከፍታና ዝቅታ አባት፣ መልካም ወይም ማራገቢያ ማለት ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። ፍች በድምፅ ለውጥ በሚዞርበት ቋንቋ የተሰጠን ምስክርነት አንድ ጆሮ ብቻ ሰምቶ ሲያሳጥረው፣ ዳኛው የሚፈርደው በምስክሩ ቃል ሳይሆን በአስተርጓሚው ቃል ነው።

ከሁሉ ይልቅ በብዛት የሚነሣው ክርክር እንግሊዝኛ የማንም ስላልሆነ ሁሉንም እኩል ያደርጋል የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት እኩል የሚያደርገው የተማሩትን እርስ በርስ ነው፤ ያልተማረውን ሰፊ ሕዝብ ግን ከደጅ ያስቀረዋል። ይሁን እንጂ መፍትሔው ትዊን በኢዌው፣ በጋውና በዳግባኒ ተናጋሪው ላይ በአዋጅ መጫን አይደለም። በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ የምናውቃቸው የጋና ተማሪዎች በስብሰባ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ማታ በማብሰያ ክፍል ክርክሩ ሲጋጋል ወደ ትዊ ይዞሩ ነበር። ከመካከላቸው የነበረው የኢዌ ተወላጅም በትዊ አብሯቸው ይከራከራል። አንድ ቀን እንዴት እንደተማረው ብንጠይቀው፣ በገበያ ከሰው ጋር እየሣቀ እንደለመደው፣ በግዴታ ቢሰጡት ኖሮ ግን ፊቱን ያዞርበት እንደነበር አጫወተን። ከዚህ ንግግር የበለጠ የቋንቋ ፖሊሲ መመሪያ አላገኘንም።

በመሆኑም ተግባሩ ግልጽ ነው። ሕፃኑ ፊደልን በሚያውቀው ቋንቋ ይቁጠር፤ እንግሊዝኛውንም በዚያ መሠረት ላይ ይጨምር። ውሉም ክሱም ፈራሚውና ተከሳሹ በሚሰማው ቋንቋ ይቅረብ፤ አስተርጓሚም እንደ ባለሙያ ይሠልጥን። በ1978 ለአሳንቴ፣ ለአኩዋፔምና ለፋንቴ የወጣው የጋራ አጻጻፍ ከወረቀት ወደ ማስተማሪያ መጽሐፍ ይውረድ። ዛሬም ትምህርት ቤቱ ሦስቱን ለየብቻ ያስተምራልና። ለትዊ የሚጠየቀውም ለኢዌ፣ ለጋና ለዳግባኒ እኩል ይጠየቅ።

አካኖች የረሱትን ተመልሶ ማንሣት ነውር አይደለም የሚል ብሂል አላቸው። የጋና ሠርቶ አደር ግን ቋንቋውን አልረሳም፤ ጠዋት ሲገበያይበት፣ ማታ በራዲዮ ሲሰማው ይውላል። የረሱት በሕግና በመዝገብ ወንበር ላይ ያሉት ናቸው። ተመልሰው ሊያነሡት የሚገባቸውም እነርሱ ናቸው።