ምስለ ፍቁር ወልዳ፤ ከሮም እስከ ጣና ዳር

በቤታችን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው የእመቤታችን ሥዕል የፈረንጅ ሠዓሊ ሥራ እንደ ሆነ በሰማን ጊዜ፥ «ይውጣን ወይስ ይቀመጥ?» እያልን እንጠያየቃለን። ለዚህ ጥያቄ አባቶቻችን ከብዙ ዘመን በፊት በሥራ መልስ ሰጥተውበታል።

ከደልጊ ተነሥቶ በጣና ዳር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ጎርጎራን ያገኛል። በ1603 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አገራችን የገባው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ፥ በዚህ ስፍራ ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት እንዳሠራ ይነገራል። ይህ ማኅበር በሮም በታላቂቱ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚከበረውን የእመቤታችንን ሥዕል ለማስቀዳት በ1569 ፈቃድ አግኝቶ፥ ቅጂውን ወደሚሰብክባቸው አገሮች ይልክ ነበርና ሥዕሉ ወደ እኛም ደረሰ። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን ልጅዋን በግራ ክንድዋ ታቅፋ፥ እጆችዋን አስተላልፋ፥ በእጅዋ መሐረም ይዛ ትታያለች፤ ጌታም በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በግልጥ በመቀበላቸው በአገሪቱ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የአባቶች ሃይማኖት ተመለሰች፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ሥዕሉ ግን አልተባረረም። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን በብራና፥ በገበታና በመቅደስ ግድግዳ ላይ ደጋግመው ሣሉት። የእጆቹን አያያዝና መሐረሙን እንደ ነበረ ትተው፥ ፊቱንና ዐይኑን በአገራችን አሣሣል ለወጡት፤ በቀኝና በግራም ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙ። ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ በምንለው ሥዕል ይህን መልክ ብዙ ጊዜ እናያለን።

ምዕራባውያን የሮሙን ሥዕል ወንጌላዊው ሉቃስ ሣለው ይላሉ፤ በፖላንድ አገር በቼንስቶኾቫ ገዳም ስለሚከበረው የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ ይተርካሉ። በእኛም ትውፊት ሉቃስ እመቤታችንን እንደ ሣለ ይነገራል። እንግዲህ አባቶቻችን በዚያ ሥዕል ላይ ያዩት የላኪዎቹን ትምህርት ሳይሆን እናቲቱንና ልጅዋን ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። የተቀበሉትም እንዳለ ሳይሆን መርምረውና ለውጠው ነው።

ዛሬም ከባሕር ማዶ የታተመ ሥዕል በየገበያው በርካሽ ይሸጣል። ወላጆች ሥዕሉ ማንን እንደሚያሳይና ምን እንደሚያስተምር ሳይመረምሩ በልጆቻቸው ፊት ሊሰቅሉት አይገባም። ሁሉም ሰው የታተመውን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ፥ ያን የሮም ሥዕል የራሱ ያደረገው የአገራችን ሠዓሊ ሥራ ፈትቶ ልጁም ሙያውን ሳይማር ይቀራል። ስለዚህ የሚቻለው ቤተ ሰብ አንድ ሥዕል እንኳ ከአገሩ ሠዓሊ ያሠራ። በቤቱ ባለው ሥዕል ጥርጥር ያደረበትም ወደ ነፍስ አባቱ ይዞት ሄዶ ይጠይቅ፤ ሳይጠይቅ ግን አይቅደደው።