ባሕሩ ከከዚራ ይጀምራል

የጉብኝት ድርጅቶች ድሬዳዋን ለአውሮፕላን ማረፊያዋ ብቻ ነው የሚፈልጓት። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ ቀጥታ ወደ ሐረር ይወጣል። በግንብ የታጠረው የሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ከዚህም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ስለሆነ ጥድፊያው ይገባኛል። እኔ ግን ድሬን፣ ሐረርንና የጅቡቲን ባሕር ዳርቻ በአንድ ያስተሳሰረ የሳምንት ጉብኝት በድሬው ከዚራ ሰፈር መታቀድ አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቴ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተነሳው የሐዲድ ሥራ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት በ1902 ድሬ ላይ ከተማ ቆረቆረ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላቸውን የዘረጉት ዛፎች፣ የባቡር ጣቢያው፣ ሁሉም ከወደቡ በኩል የመጡ ናቸው። የሜክሲኮ ካሪቢያን ዳርቻ አስጎብኚዎች ባሕርንና ቅርስን ማስተሳሰር ቀድሞ ገብቷቸዋል፤ ለአሸዋና ለውኃ ካንኩን የመጣውን ሰው ወደ መሃል አገር ወስደው ቺቼን ኢትዛን ያሳዩታል። እኛ ደግሞ ለቅርስ የመጣውን ወደ ባሕር ማውረድ እንችላለን።

ዕቅዱ ከወቅቱ ይነሳ። የዓለማችን ትልቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ በክረምታችን ወራት ግን ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ታዲያ ታኅሣሥን የመረጠ ቁልቢን እንዳይረሳ! ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል የሚጎርፈው ምዕመን የድሬን አልጋ ይሞላዋል፤ ክፍል ቀድሞ ያልያዘ አስጎብኚ እንግዳውን የት ያሳድራል?

ድንበሩ ያስቸግራል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ ይዞ ጅቡቲ የተሻገረ እንግዳ በዚያው ቪዛ አይመለስም። ስለዚህ ጉዞው ጅቡቲ ላይ ያልቃል፤ መመለሻው በረራም ከዚያው ይቆረጣል። የእኛ አስጎብኚ እስከ ድንበር ሸኝቶ ለጅቡቲው ባልደረባ ያስረክብ። ባቡሩስ? አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ርቆ ወጥቷል፤ መነሻ ሰዓቱም ሊዛባ ስለሚችል ባቡርና በረራን በአንድ ቀን ማያያዝ ድፍረት ነው፤ አንድ ትርፍ ቀን ይቀመጥ። የመንገዱ ጸጥታም ጉዞው ከመሸጡ በፊትና በመነሻው ዋዜማ መጣራት አለበት፤ አጠራጣሪ ከሆነ ባሕሩ ይቀራል፣ ድሬና ሐረር ግን ለብቻቸውም ጉዞ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ የገንዘቡ ክርክር ነው፤ ጅቡቲ ውድ ናትና ትርፉ እዚያ ይቀራል ይላሉ። ይህ የሚሆነው ድሬ እንደ መሸጋገሪያ ከቀጠለች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እዚህ ይሁኑ፦ አንዱ ቀን ለአሮጌው ባቡር ጣቢያና ጥገና ክፍሉ፣ ሌላው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ለመጋላ ገበያና ጥንታዊ የዋሻ ሥዕሎች ላሉበት ፖርክ ኤፒክ። እነዚህ ሁለት ሌሊቶች በውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈሩ፣ ሻጩ ዋጋ ቀንሱልኝ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰርዘው እነሱን ነው።