ኤንኤችኤል 26፦ አዲስ ነው ወይስ የአምናው?

ለእንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 2018፣ እንኳን አደረሰህ ልለው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። እሱ ግን «አጎቴ፣ ነገ ኤንኤችኤል 26 ይወጣል። ትገዛልኛለህ?» አለኝ።

ዋጋው 70 ዶላር ነበር። «የአምናው አለህ አይደል? ልዩነቱን በአማርኛ አስረዳኝ» አልኩት።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በየዓመቱ የሚወጣ ጌም ከባዶ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ኢኤ ስፖርትስ ዘንድሮ የተጫዋቾቹን አጨዋወት ከእውነተኛ ግጥሚያዎች በተሰበሰበ መረጃ አስተካክሏል። ጥሩ ነው፤ ግን 70 ዶላር ያስወጣል?

ልጁ ቃል እየፈለገ፣ «ጓደኞቼ ሁሉ አዲሱን ይገዛሉ። በአሮጌው ከእነሱ ጋር መጫወት አልችልም። ብቻዬን እቀራለሁ» አለኝ።

ዝም አልኩ። እኔም ለትምህርት ኮሎምበስ ስመጣ ሆኪ አላውቅም ነበር። ኔሽንዋይድ አሬና የወሰዱኝ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። ብሉ ጃኬትስ ጎል ሲያገባ መድፍ ተተኮሰ፤ እኔ ደንግጬ ዘለልኩ፣ እነሱ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ብቸኛ አልነበርኩም።

ግማሹን እኔ ከፈልኩ። ግማሹን እሱ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሰጥቶ ካገኘው ገንዘብ ጨመረ።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የአምናው ይበቃዋል። ጓደኞቹ ለሄዱበት ልጅ ግን አዲሱ ዋጋው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?