ሾተልን የሠራው ማን ነው?

በደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን የተሳለመ ሰው የጣናን ሥዕል ሥርዐት ያስተውላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን የሚወጋው በጦር ነው፤ ቅዱስ ሚካኤል የሚመዘው ሰይፍ ነው። ሠዓሊው መሣሪያን ከባለቤቱ ለይቶ አያይም።

የዘመኑ የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን መሣሪያን የሚመድበው በስለቱ ቅርጽና በሚያደርሰው ጉዳት ቁጥር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የወጣው «ዳርክ ሶልስ» የእኛን ሾተል ከነስሙ ወስዶ «ቆልማማ ሰይፍ» ከተባለው መደብ፣ ከሲሚታርና ከፋልሺዮን ጎን አስቀምጦታል። የሾተል ጉብጠት ጋሻን ዞሮ ባለጋሻውን እንደሚያገኝ ማወቃቸውስ ባልከፋ! ነገር ግን ሠሪው «የካሪም መስፍን አርስቶር» ነው ይላሉ። ካሪም በየትኛው ካርታ ላይ ትገኛለች? «ልብ ወለድ ነው» የሚል መልስ አያጠግብም፤ ሾተል ልብ ወለድ አይደለምና። ሐበሻ በቀኝ ጎኑ የታጠቀው፣ በሐበሻ ምድር የተቀጠቀጠ ብረት ነው።

ይሁንና ክሱ በጃፓኖች ላይ ብቻ ቢቀር ፍርዱ ይጎድላል። ለመሆኑ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ ከማዕድ ያራቀው፣ ጋብቻ የነፈገው ማን ነበር? ጀግናው በፉከራ ሲወደስ የባለ እጁን ስም ያነሣ አዝማሪስ የት አለ? ናርጋ ውስጥ እቴጌዪቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ዘበኞቻቸው የታጠቁትን ብረት የቀጠቀጠው ሰው ግን በየትኛውም ግድግዳ ላይ የለም።